የሲንተሳይዘር ድምፅ ሕያውነትና ሞዱሌሽን፦ ከማሲንቆ የሚቀሰም ትምህርት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ሥላሴ ከሚባለው ሰፈር ተነሥቶ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው በአጭር መንገድ ውስጥ ሦስት የድምፅ ዓለሞችን ያልፋል። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከከበሮና ከጸናጽል ጋር ይሰማል። ፒያሳ ሲደርስ፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውና ማሲንቆን፣ ክራርንና ዋሽንትን በመድረኩ ሲያስተናግድ የኖረው ሀገር ፍቅር ቴአትር ይገኛል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከሱቅና ከታክሲ ድምፅ ማጉያ በኪቦርድ የተቀናበረ ዘፈን ይፈስሳል። በዚህ ሦስተኛው ዓለም የሚሰማው ማሲንቆ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ማሲንቆ አይደለም፤ በኪቦርዱ ማኅደር ውስጥ በቁጥር ተመዝግቦ የሚጠራ ድምፅ ነው።

አድማጭ ይህን ድምፅ ሲሰማ «ደረቅ ነው»፣ «ሕይወት የለውም» ይላል። ብዙ ሰው ምክንያቱን በማሽኑ ተፈጥሮ ላይ ያሳብባል፤ ኤሌክትሪክ ነፍስ የለውምና ድምፁም ነፍስ ሊኖረው አይችልም ይባላል። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ድምፁ የሚደርቀው ከኤሌክትሪክ ስለ መጣ ሳይሆን በጊዜ ሂደት ስለማይለወጥ ነው። ለውጡን የሚሰጠው ዘዴ በሲንተሳይዘር ሙያ ሞዱሌሽን ይባላል። ቃሉ በሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ከአንድ ቁልፍ ወደ ሌላ መሸጋገርን ያመለክታል፤ እዚህ ግን አንድ ምልክት የሌላውን ድምፅ ቅጥነት፣ ቀለም ወይም ጉልበት በጊዜ ውስጥ እንዲለውጥ ማድረግ ማለት ነው።

ጥያቄው የሙያ ብቻ አይደለም። በሰርግ ቤት፣ በሆቴልና በስቱዲዮ አንድ ኪቦርድ የብዙ ሙዚቀኞችን ቦታ በያዘበት ዘመን፣ ኪቦርዱ ከተካው መሣሪያ ምን ያህሉን እንደያዘና ምን ያህሉን እንደጣለ ማወቅ የሙዚቃውን የወደፊት መልክ ይወስናል።

የድምፅ ሕይወት ከየት ይመጣል?

ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። ደጋኑ ጭራውን ይዞ ይጎትተዋል፤ ውጥረቱ ሲበረታ ጭራው ያመልጣል፤ ወዲያው ተመልሶ ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ይደጋገማል። ሞገዱ በሥዕል ሲታይ ወደ መጋዝ ጥርስ የሚቀርብ መልክ አለው፤ ለዚህም ነው ድምፁ በሃርሞኒክ የበለጸገና ስለት ያለው የሚሆነው። ነገር ግን አንድም ጥርስ ከቀዳሚው ጋር ፍጹም እኩል አይሆንም። የእጅ ጫና፣ የደጋኑ ፍጥነትና የጭራው ሸካራነት በየቅጽበቱ ይለዋወጣሉ። ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳም ሆነ የድምፅ ደረጃ መለያ የለውም፤ አዝማሪው ጭራውን በጣቱ እየነካ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፤ በረጅም ድምፅ ላይም ጣቱን እያርገበገበ ይቆያል።

በገና ሌላ መንገድ ይከተላል። በ10 አውታሮቹና በድልድዩ መካከል የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ እንዚራ ትባላለች። አውታሩ ሲመታ ከእንዚራዋ ጋር እየተነካካ የበገናን የታወቀ ንዝረት ይፈጥራል። አውታሩ በኃይል ሲንቀጠቀጥ ንክኪው ይበዛል፤ ኃይሉ ሲቀንስ ንክኪውም ይለዝባል። ስለዚህ የበገና አንድ ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቀለም የለውም፤ ጉልበቱ እየወረደ ሲሄድ ቀለሙም አብሮት ይለወጣል። በዋሽንት ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው እስትንፋስ ነው፤ ትንፋሹ ሲጠነክር ድምፁ ይደምቃል፣ ቅጥነቱም በጥቂቱ ይጨምራል።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይህን እውነት በጽሑፍ አስፍሮታል። ከዜማ ምልክቶች መካከል ይዘት፣ ደረት፣ ሒደት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረትና ቁርጥ ይገኛሉ። እነዚህ ምልክቶች በዋናነት ድምፅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይናገራሉ። ርክርክ ድምፅን እያርገበገቡ ማውረድን፣ ሒደት ፈጠን ብሎ መሄድን፣ ድፋት ዝቅ ማድረግን፣ ቁርጥ ደግሞ በድንገት ማቆምን ያመለክታል። አንድ መሪጌታ ለደቀ መዝሙሩ ዜማ ሲያስተምር የድምፁን ከፍታ ብቻ ሰጥቶ አይሸኘውም፤ አኳኋኑንም ያስጠናዋል።

የድምፅ ማንነት በለውጡ ውስጥ መሆኑን በዘመናዊ መንገድ ያሳየ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የደወል ድምፅ ቀርጾ የምቱን መጀመሪያ ቆርጦ አስወገደ። የቀረው ድምፅ ደወል መምሰሉን ትቶ ወደ ኦቦ የሚጠጋ የትንፋሽ መሣሪያ መሰለ። ከተወሰደው የሰከንድ ቁራጭ ጋር የደወሉ ማንነትም አብሮ ሄደ። ጆሮ መሣሪያን የሚለየው ድምፁ በሚነሣበት፣ በሚለወጥበትና በሚሞትበት መንገድ ጭምር ነው።

የሲንተሳይዘር አወቃቀር

ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረበው ሲንተሳይዘር በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር፦ የድምፅ ማናቸውም ባሕርይ በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ሊታዘዝ ይችላል። በዚህ ሥርዓት ኦስሌተር ጥሬውን ድምፅ ያመነጫል፤ ፊልተር ከሃርሞኒኮቹ የሚፈለጉትን ያስቀርና የቀሩትን ይቀንሳል፤ አምፕሊፋየር የድምፁን ጉልበት ይወስናል። ወደ ኦስሌተሩ የሚገባው ቮልቴጅ በ1 ቮልት ሲጨምር ድምፁ በ1 ኦክታቭ ይወጣል።

የሐሳቡ ኃይል ያለው ቮልቴጁ ከየት እንደመጣ ማሽኑ የማይጠይቅ በመሆኑ ነው። ቮልቴጁ ከኪቦርዱ ቁልፍ ቢመጣ ዜማ ይሆናል፤ በዝግታ ከሚወዛወዝ ሌላ ኦስሌተር ቢመጣ እርግብግቢት ይሆናል፤ ከእግር መርገጫ ቢመጣ የእግር እንቅስቃሴ ወደ ድምፅ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞዱሌሽን በሦስት ጥያቄዎች ይገለጻል፦ ለውጡ ከየት ይመጣል? ምንን ይለውጣል? ምን ያህል ይለውጣል? የመጀመሪያው ምንጭ፣ ሁለተኛው መድረሻ፣ ሦስተኛው ጥልቀት ይባላል። ከዲጂታል ዘመን ወዲህ ቮልቴጁ በቁጥር ቢተካም እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አልተለወጡም።

ሦስቱ የሞዱሌሽን ምንጮች

የመጀመሪያው ምንጭ ኢንቨሎፕ ነው። ኢንቨሎፕ ቁልፉ ሲነካ ይጀምራል፣ ቁልፉ ሲለቀቅ ይጨርሳል፤ አራት ክፍሎችም አሉት፦ መነሻ፣ መውረጃ፣ መቆያና መልቀቂያ። የክራር ድምፅ መነሻው እጅግ አጭር ነው፤ መቆያ የለውም፤ ከተመታ ጀምሮ ይወርዳል። የማሲንቆ መነሻ ግን ቀስ ያለ ነው፤ ደጋኑ እስከተሳበ ድረስም ድምፁ ይቆያል። ብዙ ጀማሪዎች ኢንቨሎፕን ለድምፁ ጉልበት ብቻ ያውሉታል። ከላይ እንደታየው ግን በበገና ጉልበትና ቀለም አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ኢንቨሎፕ ወደ ፊልተሩ ሲላክና ድምፁ ሲነሣ ፊልተሩን ከፍቶ ቀስ በቀስ ሲዘጋው፣ የተመታ አውታር ባሕርይ ወዲያው ይሰማል።

ሁለተኛው ምንጭ በባለሙያዎች ዘንድ ኤል ኤፍ ኦ የሚባለው ዘገምተኛ ኦስሌተር ነው። ፍጥነቱ በአብዛኛው ከ20 ሄርዝ በታች ስለሆነ ራሱ እንደ ድምፅ አይሰማም፤ ሌላውን ድምፅ ሲያወዛውዝ ብቻ ይታወቃል። የሰው ድምፅ እርግብግቢት ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይደጋገማል። ኤል ኤፍ ኦው በዚህ ፍጥነት የድምፁን ቅጥነት ሲያወዛውዝ ጆሮ የዘፋኝን ወይም የጣትን እርግብግቢት ያስታውሳል። ፍጥነቱ በ10 ሰከንድ አንድ ጊዜ ሆኖ ፊልተሩን ሲያንቀሳቅስ ደግሞ አድማጩ እንቅስቃሴውን ለይቶ ሳያውቀው ድምፁ የሚተነፍስ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ምንጭ ተጫዋቹ ራሱ ነው። ቁልፉ የተመታበት ኃይል፣ ቁልፉ ከተነካ በኋላ የሚጨመር የጣት ጫና፣ በግራ እጅ የሚዞሩ ጎማዎች፣ የእግር መርገጫና የትንፋሽ መቆጣጠሪያ በዚህ ይመደባሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተስፋፋው ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ሥርዓት ከእነዚህ አብዛኞቹን ከ0 እስከ 127 ባሉ ቁጥሮች ያስተላልፋል። የሞዱሌሽን ጎማው በዚህ ሥርዓት የመቆጣጠሪያ ቁጥር 1 ነው፤ ይህም የሥርዓቱ አዘጋጆች ለጉዳዩ የሰጡትን ቦታ ያሳያል።

ከሦስቱ ምንጮች ኢንቨሎፕ ለእያንዳንዱ ድምፅ ልደትና ሞት ይሰጠዋል፤ ኤል ኤፍ ኦ በመካከል ያለውን ጊዜ ያንቀሳቅሳል፤ ተጫዋቹ ግን ትርጉም ይጨምራል። ኤል ኤፍ ኦ የግጥሙ ቃል ሐዘን ይሁን ጨዋታ አያውቅም፤ እጅ ግን ያውቃል።

የሞዱሌሽን መድረሻዎች

ቅጥነትን መለወጥ እርግብግቢትንና መንሸራተትን ይፈጥራል። ለዚህ የሚያገለግለው መለኪያ ሴንት ነው፤ በፒያኖ ላይ ያለ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ጥልቀቱ ጥቂት ሴንት ከሆነ ድምፁ ይሞቃል፤ ወደ 100 ሴንት ሲቀርብ ግን የዜማውን ደረጃ ማደናገር ይጀምራል። ጉልበትን መለወጥ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ያንቀጠቅጠዋል። ፊልተርን መለወጥ የድምፁን ቀለም ከድፍን ወደ ብሩህ፣ ከብሩህ ወደ ድፍን ይወስዳል፤ ሰው አፉን ከፍቶና ዘግቶ አናባቢዎችን እንደሚለዋውጥ ያለ ነው።

ሁለት ኦስሌተሮችን በትንሹ ማለያየትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። አንዱ በ220 ሄርዝ፣ ሌላው በ221.5 ሄርዝ ቢሰማ ሁለቱ በሰከንድ 1.5 ጊዜ እየተገናኙና እየተለያዩ ይወዛወዛሉ። ለዚህ ውዝዋዜ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከልዩነቱ ራሱ ይወለዳል። ብዙ ሰዎች በአንድ ድምፅ ሲዘምሩ የሚሰማው ስፋትም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው፤ ማንም ከሌላው ጋር ፍጹም እኩል አይዘምርምና።

የኤል ኤፍ ኦው ፍጥነት ከ20 ሄርዝ አልፎ ወደሚሰማ ድምፅ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1967 ከመጠን ያለፈ እርግብግቢት ሲሞክር ይህን አስተዋለ። ጆሮ ውዝዋዜውን መቁጠር ሲያቅተው አዲስ ቀለም ይሰማል። 400 ሄርዝ ያለው ድምፅ በ100 ሄርዝ ሲወዛወዝ በግራና በቀኙ 300 እና 500፣ ከዚያም 200 እና 600 ሄርዝ ያላቸው ተጨማሪ ድምፆች ይፈጠራሉ፤ ሁሉም የ100 ብዜት ስለሆኑ ተስማምተው ይሰማሉ። የሚያወዛውዘው 560 ሄርዝ ቢሆን ግን 160፣ 720፣ 960 እና 1520 ሄርዝ ያላቸው ድምፆች ይወጣሉ። እነዚህ የ400 ብዜት ስላልሆኑ ጆሮ ብረትን፣ ደወልንና ጸናጽልን ያስታውሳል። የውዝዋዜው ጥልቀት በኢንቨሎፕ ሲታዘዝ ድምፁ በብርሃን ተነሥቶ ወደ ንጹሕ ቃና ይቀልጣል።

ቻውኒንግ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመ፤ የጃፓኑ ያማሃም ፈቃዱን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲ ኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ። ይህ መሣሪያ በየድምፁ 6 ኦፕሬተሮች፣ 32 የአደራደር ዓይነቶችና የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ማስገቢያ ነበረው። ይሁን እንጂ ድምፅ ቀማሪው ብዙ ቁጥሮችን በአንዲት ትንሽ መስኮት አንድ በአንድ መለወጥ ስለነበረበት አብዛኛው ተጫዋች ከፋብሪካ ተዘጋጅተው የመጡትን ድምፆች ብቻ መጠቀም መረጠ። የዝግጁ ድምፅ ልማድ በዓለም ዙሪያ እንዲሰፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በኢትዮጵያ የነበሩ መንገዶች

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና የኢትዮጵያ መሣሪያዎች ግንኙነት ከኪቦርዱ ዘመን ይቀድማል። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የዛር ሥነ ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፣ በማስተጋቢያና በድምፅ ማጣሪያ እየለወጠ ከዓለም ቀደምት የኤሌክትሮኒክ ሥራዎች አንዱን ሠራ። በኋላም በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ኦርኬስትራው በየራሳቸው አካባቢና በየራሳቸው ልማድ ይሰሙ የነበሩ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ አሰባሰበ። ኤል ዳብ ኤሌክትሪክን ጠንቅቆ እያወቀ በአዲስ አበባ የመረጠው ማሲንቆን፣ ክራርንና ዋሽንትን መሆኑ ትኩረት የሚገባው ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ ያስተዋወቀው ቫይብራፎን ሞዱሌሽንን በሜካኒክ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ከብረት ሰሌዳዎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ ሞተር የሚያዞራቸው ክብ ክዳኖች አሉ፤ ሲከፈቱና ሲዘጉ ድምፁ ይወዛወዛል። የሞተሩ ፍጥነት ከኤል ኤፍ ኦ ፍጥነት ጋር አንድ ሥራ ይሠራል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተጣለው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመ፤ ሸክላም ለካሴት ቦታ ለቀቀ። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም ከቀሩት አባላት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን በስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር በማጣመር የቆዩ ዜማዎችን በካሴት አወጣ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሰምቷል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር የአኮርዲዮኑ ቦታ ነው። አኮርዲዮን በወናፍ የሚተነፍስ መሣሪያ ነው፤ ክንድ ሲገፋና ሲጎትት ጉልበቱና ቀለሙ አብረው ይለወጣሉ። በብዙ አኮርዲዮኖችም ለአንድ ቁልፍ በትንሹ የተለያዩ ሁለት ምላሶች አብረው ይሰማሉ፤ ይህም ከላይ የተጠቀሰው የ220 እና የ221.5 ሄርዝ ውዝዋዜ ነው። የምት ማሽኑ ሳይለዋወጥ እየደጋገመ፣ በላዩ ዜማውን የሚመራው ድምፅ ያለማቋረጥ ይለዋወጣል። አድማጩ ሥራውን ባለ ማሽን ቢያውቀውም ሕያው ሆኖ የሚሰማው በዚህ የሥራ ክፍፍል ነው።

በአገር ውስጥ በዚያው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮሃ ባንድ ከነኪቦርድ ተጫዋቹ ዳዊት ይፍሩ የብዙ ድምፃውያንን ካሴቶች አጅቧል። በዚያ አሠራር ኪቦርዱ ከጊታር፣ ከሳክስፎንና ከከበሮ መካከል አንዱ ድምፅ ነበር፤ የሚተነፍሱ ሰዎች በዙሪያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ ብቻውን ባንድ መሆን ሲጀምር ግን በዙሪያው የነበረው እስትንፋስ ተነሣ። ድርቀቱ ጎልቶ የተሰማው ያን ጊዜ ነው።

የማሲንቆ ድምፅን ደረጃ በደረጃ መገንባት

የሚከተለው አሠራር በማናቸውም ኦስሌተር፣ ፊልተር፣ ሁለት ኢንቨሎፕና አንድ ኤል ኤፍ ኦ ባለው ሲንተሳይዘር ሊሞከር ይችላል። ቁጥሮቹ መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም፤ ዳኛው ጆሮ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ኦስሌተር በመጋዝ ጥርስ ሞገድ ይመረጣል፤ መሣሪያውም በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ ይደረጋል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ስላለው በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ማሰማት አይችልም፤ ኪቦርዱ ይህን ክልከላ ካልተቀበለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የጉልበቱ ኢንቨሎፕ መነሻ 80 ሚሊ ሰከንድ ያህል፣ መቆያው ከፍ ያለ፣ መልቀቂያው አጭር ይሆናል። የፊልተሩ ኢንቨሎፕ መነሻ ከዚህ ጥቂት ይዘገያል፤ ደጋኑ ጭራውን በደንብ እስኪይዝ ድምፁ ድፍን፣ ከያዘው በኋላ ብሩህ ይሆናልና።

በሦስተኛ ደረጃ የድምፅ መንሸራተቻው ይከፈታል፤ ጊዜው ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ ሊሆን ይችላል። ቁልፎቹ ተያይዘው ሲነኩ ብቻ እንዲሠራ ቢደረግ ተጫዋቹ የት እንደሚንሸራተትና የት እንደሚቆርጥ በጣቱ ይመርጣል።

በአራተኛ ደረጃ ኤል ኤፍ ኦው በሰከንድ 5.5 ጊዜ እንዲወዛወዝ ሆኖ ወደ ቅጥነት ይላካል፤ ጥልቀቱ 20 ሴንት ያህል ይሆናል። እርግብግቢቱ ግን ከድምፁ ጋር አብሮ መወለድ የለበትም። አዝማሪ ድምፁን መጀመሪያ ያሳርፋል፤ ከዚያ ያርገበግበዋል። ስለዚህ ኤል ኤፍ ኦው በ400 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ቀስ እያለ እንዲገባ ይደረጋል። መዘግየቱ ሌላ ጥቅምም አለው፦ አጫጭር ድምፆች ሳይርገበገቡ ያልፋሉ፣ ረጃጅሞቹ ብቻ ይርገበገባሉ። በዚህ ብቻ ዜማው ሐረግ ያለው ይመስላል።

በአምስተኛ ደረጃ የጣት ጫና ወይም የሞዱሌሽን ጎማው ለሁለት መድረሻዎች በአንድነት ይሰጣል፤ ለእርግብግቢቱ ጥልቀትና ለፊልተሩ። እጅ ሲጫን ድምፁ አብሮ ይደምቃል፣ አብሮም ይርገበገባል። በእውነተኛው መሣሪያ ላይ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚለውጥ፣ አንድን ምንጭ ወደ ብዙ መድረሻ መላክ ብዙ ምንጮችን ከመደርደር ይበልጣል።

በመጨረሻ በጣም ጥቂት መጠን ያለው የዘፈቀደ ምልክት ለቅጥነቱና ለኤል ኤፍ ኦው ፍጥነት ይጨመራል። የሰው እርግብግቢት ሰዓት አይደለም፤ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ፍጥነቱ ፍጹም እኩል የሆነ እርግብግቢትን ጆሮ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ለይቶ ያውቀዋል፤ ካወቀው በኋላም አይሰማውም።

ወሰኖችና ስሕተቶች

የመጀመሪያው ስሕተት ከልክ ማለፍ ነው። ሁሉም ነገር ሲወዛወዝ ምንም ነገር የተወዛወዘ አይመስልም፤ ለውጥ የሚሰማው ከሚጸና ነገር ጋር ሲነጻጸር ነው። ሁለተኛው ስሕተት የጋራ ኤል ኤፍ ኦ ነው። በዲ ኤክስ 7 ለሁሉም ድምፆች የሚያገለግለው አንድ ኤል ኤፍ ኦ ነበር፤ በዚህ ዓይነት መሣሪያ አራት ቁልፎች አብረው ሲያዙ አራቱም እኩል ወጥተው እኩል ይወርዳሉ። አራት ማሲንቆ ተጫዋቾች እንዲህ አያደርጉም። ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ኤል ኤፍ ኦ የሚሰጡ መሣሪያዎች ባሉበት ይህን መምረጥ፣ በሌሉበትም ድምፆቹን ለየብቻ መቅረጽ ይሻላል።

ሦስተኛውና ከባዱ ጉዳይ ቅኝት ነው። ኪቦርድ ኦክታቩን ለ12 እኩል ክፍሎች ይከፍላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን በድምፃውያንና በማሲንቆ ተጫዋቾች ዘንድ ሁልጊዜ በእነዚህ ደረጃዎች ላይ አያርፉም፤ በተለይ በአንቺ ሆዬ ጠባብ ርቀቶች ላይ ልዩነቱ ይጎላል። ሞዱሌሽን የተሳሳተ ቦታ ላይ የቆመን ድምፅ አያስተካክልም፤ ስሕተቱን ያርገበግበዋል እንጂ። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረጃ በሴንት ለማስተካከል በሚፈቅዱ መሣሪያዎች ቅኝቱ መጀመሪያ፣ ሞዱሌሽኑ ከዚያ በኋላ ሊሠራ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ማብራሪያ ወደ አንድ ነጥብ ይመራል። ኪቦርዱ ከማሲንቆ የወሰደው ቀለሙን ነው፤ የተወው ግን እንቅስቃሴውን ነው። እንቅስቃሴው በኢንቨሎፕ፣ በኤል ኤፍ ኦና በተጫዋቹ እጅ በከፊል ሊመለስ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን በአብዛኛው ርካሽ ኪቦርድ ላይም ያለውን ጎማ መንካትና ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነው።

ሆኖም ይህ እውቀት ከማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ አይገኝም። እርግብግቢቱ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚዘገይ፣ መንሸራተቱ የት እንደሚቆም የሚያስተምረው አዝማሪው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖንም ማሲንቆንም በአንድ ግቢ ያስተምራል። የኪቦርድ ተማሪ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ከማሲንቆ መምህር ፊት ቢቀመጥ፣ የሰማውንም በሲንተሳይዘር መልሶ ለመሥራት ቢገደድ፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ተማሪው ድምፅን ማንቀሳቀስ ይማራል፤ የማሲንቆውም ሙያ በልምድ ብቻ ይተላለፍ የነበረው ረቂቅ ክፍል ተለክቶና ተገልጾ ይቀመጣል።

ማሲንቆ ተጫዋቹ ከስቱዲዮው ከወጣ በኋላ ድምፁ ብቻ በቁጥር ቢቀር፣ ቀጣዩ ትውልድ የሚኮርጀው ግልባጩን ይሆናል። ግልባጭ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ይኸው እንቅስቃሴ ነው። በዚህም ምክንያት የሞዱሌሽን ትምህርት የባለ ሙያውን መሣሪያና ባለ ሙያውን ራሱን አብሮ ከማቆየት ተለይቶ ሊታይ አይገባም።